«የምን መድኃኒት ነው የጠጣው?»

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሐኪሞች ትምህርት ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አስቀድሜ ዐውቃለሁ። በመኝታ ክፍላችን ይህንኑ በፊቴ ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። ሕክምናውን ለሐኪሞች ትቻለሁ፤ የምጽፈው ስለ ትምህርት ነው። ሁሉን እንዲያውቅ የሚሠለጥን ሰው፣ ገና በሥልጠናው ላይ ሳለ፣ አንዲት ነገር ለይቶ ጠልቆ ማወቅ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ይህ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። ልዩነቱ፣ በእኛ በኩል ነገሩ ቢበላሽ የሚሞተው አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ በድንገተኛ ክፍል ግን የሚሞተው ሰው ነው።

አምና በጥቅምት ወር፣ መቂ አጠገብ የምትኖረው የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ፣ የ7 ዓመት ብላቴና፣ ከበር ኋላ የተቀመጠ የሃይላንድ ጠርሙስ አንሥቶ ተጎነጨ። ውስጡ የነበረው ውኃ አልነበረም። ጎረቤት ለሽንኩርት ማሳው ከገበያ በልክ አስቀድቶ የገዛውና «ለጊዜው እናንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብሎ የተወው ፈሳሽ ነበር። ከመጀመሪያው ዕቃው ላይ ጽሑፍና የራስ ቅል ሥዕል ይኖር ይሆናል፤ በሃይላንዱ ላይ ግን ከውኃ ፋብሪካው ምልክት በቀር ምንም አልነበረም። አክስቴ የሀገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ወተት አጠጣችው። (ወተት ማርከሻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በሚያስመልሰው ልጅ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል ያወቅሁት ኋላ ነው።) ከዚያም በባጃጅ አቅራቢያዋ ወዳለው የጤና ተቋም አደረሰችው። እዚያ አትሮፒን የሚባለውን መርፌ ጀመሩለት፤ ልቡ ሲፈጥንባቸው ግን ፈርተው አቆሙና ወደ አዲስ አበባ ጻፉለት።

እኔ በስልክ ተጠርቼ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ በር ጠበቅኋቸው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ አያስፈልግም። ካርድ ለማውጣት ስሮጥ ልጁ በቃሬዛ ወደ ውስጥ ገባ፤ ስመለስ አንድ ወጣት ኢንተርን አክስቴን እየጠየቃት ነበር።

«እናቴ፣ ልጁ ምን ወሰደ?»

«መድኃኒት!»

«ስንት ፍሬ?»

«ኧረ ፍሬ አይደለም፣ ልጄ! መድኃኒት ነው የጠጣው እያልኩህ!»

ኢንተርኑ ግራ ገብቶት በወረቀቱ ላይ ያልታወቀ መድኃኒት የሚል በእንግሊዝኛ ጻፈ። በዚህ መካከል አንዲት ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት መጣች። ወረቀቱን አላየችም። ልጁን አየችውና ወደ አክስቴ ዞረች።

«እናቴ፣ የምን መድኃኒት ነው የጠጣው? የሰው ነው? የአይጥ ነው? የነቀዝ? የአረም? ወይስ የሽንኩርት?»

«የሽንኩርት።»

«በጀርባ አዝለው የሚረጩት?»

«አዎ፣ የኔ እመቤት።»

«ውኃ ሲነካው ይነጣል?»

«እንደ ወተት ነው የሚነጣው።»

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነበር። ልጁ እንባውም፣ ምራቁም፣ ላቡም እየፈሰሰ ነበር፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። ልብሱን በመቀስ ቀድዳ አስወለቀችው፤ እኔን ጓንት አስጠልቃ በሳሙና ሰውነቱን አሳጠበችኝ፤ መርዙ በቆዳም ይገባልና። አትሮፒኑን ጀመረች፤ 5 ደቂቃ ትጠብቅና ደረቱን ታዳምጣለች፤ ካልደረቀ መጠኑን እጥፍ ታደርጋለች። ሲስተሯ፣ «ዶክተር፣ ልቡ በጣም እየመታ ነው» አለቻት። «አይቼዋለሁ። እኔ የማደርቀው ሳንባውን ነው፤ ልቡ ይምታ» ብላ ቀጠለች። ልጁ 6 ቀን በፅኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ዳነ። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሃይላንድ ሲያይ ይሸሻል።

እስቲ ልብ በሉ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ። በአማርኛችን የሚያድነውም የሚገድለውም ስሙ አንድ ነው፤ መድኃኒት። የራስ ምታት መድኃኒት እንላለን፤ የአይጥ መድኃኒት እንላለን። አክስቴ አልተሳሳተችም፤ ኢንተርኑም ሰነፍ አልነበረም። ከሁለቱ መካከል የጎደለው፣ ገበሬው መርዙን በምን ስም እንደሚጠራውና ከየስሙ ጀርባ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። የሽንኩርቱ ብዙ ጊዜ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ነው፤ አትሮፒን በብዛት ይፈልጋል። የነቀዙ፣ እህል ውስጥ የሚጨመረው ፍሬ ከሆነ፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻም የለውም። የአይጡ አንዱ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ ሌላው ዚንክ ፎስፋይድ ነውና የነቀዙ ዘመድ ነው። ከአረሙ ደግሞ ፓራኳት የተባለው አለ፤ ለሌላው በሽተኛ ሕይወት የሆነው ኦክስጅን ለዚህኛው ያለ ልክ ከተሰጠ ሳንባውን ይጎዳዋል። እንግዲህ «መድኃኒት ጠጣ» ከሚለው ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አራት የተለያዩ መንገዶች ይወጣሉ፤ መንገዱን መሳት ደግሞ በሽተኛውን መሳት ነው።

ልጁ ከወጣ በኋላ ያቺን ሐኪም ሁለት ጊዜ አነጋገርኳት፤ አንድ ጊዜ በሆስፒታሉ ካፍቴሪያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ተረኛ ሆና ሻይ ስትጠጣ። በኪሷ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዛ ትዞራለች። በአንደኛው ዓመቷ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «መድኃኒት» ጠጥተው መጥተው ነበር። ያን ጊዜ መርዝ ሁሉ አንድ ነው ብለው አትሮፒን ሰጧቸው፤ ሽማግሌው የወሰዱት የነቀዙን ፍሬ ኖሯል። ሞቱ። «ባውቅም ምናልባት አይድኑም ነበር፤ ግን ባለማወቄ ስምንት ሰዓት ሙሉ የማይረባ ነገር ሠራሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛ ያመጣ አስታማሚ ሁሉ መርዙን ምን ብሎ እንደጠራው፣ ከየት እንደገዛው፣ ቀለሙንና ሽታውን፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በጉራጊኛም ትጽፋለች። ጓደኞቿ «ማላታይን» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስድቡን ወዳዋለች።

ታዲያ ይህች ሴት የደብተሯን ነገር የመመረቂያ ጥናቷ ለማድረግ ስትጠይቅ፣ «መጀመሪያ ድንገተኛ ሐኪም ሁኚ፤ መርዙን ኋላ ትደርሺበታለሽ» ተባለች። የካርድ ክፍል ወረቀት ቆጥራ የምትጨርሰው ቀለል ያለ ርእስ እንድትወስድም ተመከረች። እኔ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ምክር ነው። መካሪዎቹን ክፉዎች አልላቸውም። የሚሉት ነገር እውነት አለበት፤ እውነቱን ግን ጨርሰው አላዩትም ባይ ነኝ።

ስለ ሙያው ጥቂት ልበል። ድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ከሆነ ብዙ ዘመን አይደለም። በአሜሪካ እንኳ ድንገተኛ ክፍሉን ኢንተርኖችና ተራ የደረሰው ሐኪም ሁሉ፣ የቆዳውም የዓይኑም፣ እየተፈራረቁ ይጠብቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በቨርጂኒያ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ጄምስ ሚልስ የተባለ ሐኪም ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የግል ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለድንገተኛ ክፍል ሰጠ። በ1968 የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ተመሠረተ፤ በ1970 በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሬዚደንቶች ሥልጠና ተከፈተ፤ በ1979 ሙያው በይፋ ታወቀ። መጀመሪያ ላይ የቀሩት ስፔሻሊስቶች «እነዚህ ሰዎች የሁሉን ሥራ ጥቂት ጥቂት የሚያውቁ ናቸው፤ የራሳቸው የሆነ ምን አላቸው?» እያሉ ይንቋቸው ነበር።

መልሱን የሰጠው ክርክር አይደለም። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ እያንዳንዳቸው አንዲት ነገር ይዘው እስከ ሥሯ ወረዱ። ቺካጎ ውስጥ በ1953 ከተቋቋመው የመጀመሪያው የመርዝ መረጃ ማዕከል ጀምሮ የተከማቸው ዕውቀት ድንገተኛ ሐኪሞችን አገኘና የመርዝ ሕክምና በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ሙያ ሆነ። አልትራሳውንድን ከራጅ ክፍል አውጥተው በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያደረጉት በብዙው እነርሱ ናቸው፤ በ2001 ኮሌጃቸው የአጠቃቀሙን መመሪያ አወጣ። የአምቡላንስና ከሆስፒታል በፊት ያለው ሕክምና በ2010 ንዑስ ሙያ ተብሎ ታወቀ። ዛሬ እዚያ አንድ ሬዚደንት ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሠለጥን፣ «የአንተ ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መርዝ ነው? የሕፃናት ድንገተኛ ነው? አደጋና እልቂት ነው? ማስተማር ነው? ከተመረቀ በኋላ በዚያው ነገር አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሊጨምርበት ይችላል፤ ዘሩ የሚዘራው ግን በሬዚደንትነቱ ነው። (ለማዕረግ ብቻ «የእኔ ነገር ይህ ነው» የሚልም ሞልቷል፤ የሰው ልጅ የትም አንድ ነው።)

በእኛ ሀገር ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ። ዶክተር አክሊሉ አዛዥን የመሰሉ ሐኪሞች መሠረቱት፤ የዊስኮንሲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ አገዙ፤ በ2013 የመጀመሪያዎቹ ተመረቁ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው፤ የፅኑ ሕሙማንን ሕክምናም ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ተቋማትም ተከፍቷል። በቅዱስ ጳውሎስ ሥር የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል ሲቋቋም የእንግሊዝኛ ስሙ ፊደላት ተሰብስበው «አቤት» ሆነዋል። ሲጠሩት የሚመልስ ሆስፒታል! ከስያሜ አውጪዎች ሁሉ ያን ሰው እወደዋለሁ፤ የእኛ ፋኩልቲ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። አንድ አምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ጓደኛ አለኝ፤ ጽሑፌን በረቂቁ አንብቦ ሦስት ነገር ተቃወመኝ። የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ድንገተኛ ሐኪም ማለት በሩን ማን እንደሚያንኳኳ የማያውቅ ሐኪም ነው። ከምጥ፣ ከልብ ድካም፣ ከጥይት፣ ከወባ የቱ እንደሚመጣ አይመርጥም። ስለዚህ ልቡን ለአንዱ ከሰጠ ለቀሩት ይጎድላል።

ይህ ብርቱ ክርክር ነው፤ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ለዚሁ ለሁሉ ነገር መተው አለበት ብዬ አምናለሁ። አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ሬዚደንት «የእኔ ነገር አልትራሳውንድ ነው» ሲል ብሰማ፣ የወደደው መሣሪያውን እንጂ በሽተኛውን አይደለም ብዬ እጠረጥረዋለሁ። ነገር ግን ጓደኛዬ ዕውቀትን እንደ እንጀራ ያየዋል፤ ለአንዱ ሲቆረስ ለሌላው የሚያንስ ይመስለዋል። የሀገራችን ሊቃውንት እንዲህ አላዩትም። ከፊደል ጀምሮ ዳዊት የደገመ፣ ዜማ የቆጠረ፣ ቅኔ የዘረፈ ተማሪ፣ ሁሉንም በመጠኑ ከያዘ በኋላ፣ አንዱን መርጦ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ ይወርዳል። እዚያ ዓመታት ተቀምጦ፣ ከሊቁ ፊት አስመስክሮ ይመለሳል። በደብሩ ሲያገለግል ግን «እኔ የድጓ ሰው ነኝ፤ ቅዳሴ አላውቅም» አይልም። ሁሉንም ይሠራል፤ የድጓ ነገር ሲያከራክር ብቻ ሁሉም ፊቱን ወደ እርሱ ይመልሳል። አምስት ካህናት ያሉበት ደብር አምስቱም በአንድ ልክ ሁሉን የሚያውቁ ከሆኑ፣ የአንዱ ስሕተት የአምስቱም ስሕተት ነው፤ የሚያርም የለም። ድንገተኛ ክፍሉም እንዲሁ ነው። አሥር ሬዚደንቶች አንድ መጽሐፍ እስከ አንድ ገጽ ድረስ ብቻ ካነበቡ፣ ከዚያ ገጽ በላይ የሆነ በሽታ የመጣበት ሰው አለቀለት።

ደግሞም ልብ ያላልነው ነገር አለ። አንዲት ነገር ጠልቆ ያወቀ ሰው፣ በሌላው ነገር ምን ያህል እንደማያውቅ ያውቃል። ያቺ ሬዚደንት የመርዙን ጥልቀት ካየች በኋላ፣ ስለ ልብ በሽታ ስትናገር ትጠነቀቃለች፤ ሲኒየር ትጠራለች። የማያስፈራው «ሁሉን ዐውቃለሁ» የሚለው አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ይህ የሀብታም ሀገር ነገር ነው የሚል ነው። እዚህ አልጋ ሞልቶ በሽተኛ ወንበር ላይ ይታከማል፤ ግሉኮሱ በግድግዳ ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ መድኃኒቱን አስታማሚ ከውጭ ይገዛል። በዚህ ላይ ሬዚደንቱ ኑሮው የከበደው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችን እናስታውሳለን። «ለቤት ኪራይ የሚጨነቀውን ሰው ስለ ልዩ ሙያ አታስጨንቀው» አለኝ ጓደኛዬ። በኑሮው ነገር አልከራከረውም፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ድህነት ለጥልቅ ዕውቀት ምክንያት እንጂ እንቅፋት አይደለም ብዬ መለስኩለት። መሣሪያ የሞላው ሆስፒታል የመርዙን ዓይነት ከላቦራቶሪ ሊያውቀው ይችላል፤ የሌለው ከአክስቴ አፍ ነው የሚያውቀው፤ ለዚያ ደግሞ የሚጠይቅ አፍ ያስፈልጋል። ባለ 50 ሉክ ደብተር ስንት ብር ነው?

የድሀ ሀገር ሞት ደግሞ የራሱ መልክ አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ሰዎች ቀበረ፤ ጎረቤት በእጁም በዶማም ሊያወጣቸው ሲሮጥ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ የሚቆፍሩትን ጭምር ቀበራቸው፤ የሞቱት ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። የአደጋ ሕክምና የመጀመሪያው ትምህርት «ቦታው ሳይጸና አትግባ» የሚል ነው። ይህን ቃል ለሀገሬው ሰው፣ ለቀበሌውና ለፖሊሱ ከናዳው በፊት የሚያስተምር፣ የወገኑን ልብ የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል። ወገኑ ተቀብሮ እያየ «ቁም» የሚባል ሰው እንዴት እንደሚቆም ከአሜሪካ መጽሐፍ አይገኝም። ይህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ አሳቢ ካለ።

ከሆስፒታል በፊት ስላለው ሕክምናም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ ምንም እንኳ ሰውየው ሬዚደንት ባይሆን። ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ባለሙያ ነበር። በሽተኛ በታክሲና በሰው ጀርባ ሲመጣ፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ሲያልቅ ዓመታት አየ። ይህችን አንዲት ነገር ያዘ፤ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን አቋቋመ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሌላውን ሙያውን ንቆ አይደለም፤ ያን ሲሠራ ያየው ቀዳዳ እንቅልፍ ስለነሣው ነው። እኔ ሬዚደንቱ ይምረጥ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ የማያስተኛውን።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ልዩ ሙያ ያገኘ ሐኪም ወደ ውጭ ይሄዳል የሚል ነው። ይህን ብዙ አልገፋበትም። የሚሄድ በልዩ ሙያም ያለ ልዩ ሙያም ይሄዳል። ብቻ የመቂን ሽንኩርት መድኃኒት በስሙ የሚያውቅ ሰው፣ ዕውቀቱ ከየትም ይልቅ የሚፈለገው እዚሁ ነው።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። አዲስ ሥራ በሬዚደንቱ ላይ ይጨመር አልልም፤ ጫንቃው ይበቃዋል። አሁንም የመመረቂያ ጥናት ይሠራል፤ አሁንም በተራው ለጓደኞቹ ሴሚናር ያቀርባል፤ አሁንም ወደ ሕፃናት፣ ወደ ማደንዘዣ፣ ወደ ፅኑ ሕሙማን እየዞረ ይሠራል። ነገር ግን ጥናቱ ስለ ስኳር በሽታ፣ ሴሚናሩ ስለ እባብ፣ ሌላው ሴሚናሩ ስለ አጥንት ስብራት ይሆንና ሦስቱ ተበታትነው ይቀራሉ። ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እነዚህኑ ሥራዎች አንድ አቅጣጫ ማስያዝ ምን ይጎዳል? መርዝን የመረጠች ሬዚደንት ጥናቷም ሴሚናሯም ስለ መርዝ ይሁን፤ ሕፃናት ክፍል ስትዞር የተመረዙትን ሕፃናት ትከታተል፤ አንድ ወር ይሰጣትና ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ወርዳ ሻጩ ምን እንደሚቀዳ በዓይኗ ትይ። የአንደኛ ዓመቶቹን ስለ መርዝ የምታስተምር እርሷ ትሁን፤ ማስተማር ያላወቁትን ያሳያልና። ሌሊት መርዝ የጠጣ ሲመጣ ስልክ የሚደወለው ለእርሷ ይሁን። ስልኩን ብትረግምም ታነሣለች።

የሚመራት ሲኒየር በዚያ ነገር ሊቅ ባይሆንስ? ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ትምህርቱ ገና ወጣት ነው። ነገር ግን ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ የድንገተኛ ሕክምና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሥርቷል፤ የራሱም መጽሔት አለው። በ2019 የዓለም የጤና ጉባኤ ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሥርዓት ውሳኔ አሳልፏል። ከኬፕ ታውን ወይም ከቶሮንቶ በየሁለት ሳምንቱ በስልክ የሚያነጋግራት አንድ የመርዝ ሊቅ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከዚህ ከግቢያችንም የኬሚስትሪ መምህራን አሉ፤ የግብርና ሰዎች አሉ። ሆስፒታሉና ግቢው መካከል ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው፤ ግን ማንም ሲሄድበት አላየሁም።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ወደ ቋንቋ ተማሪዎች እመጣለሁ። ያቺ ሬዚደንት ደብተሯን አሳየችኝ ብያለሁ። ከስሞቹ ግማሹን በላቲን ፊደል ነው የጻፈችው፤ በችኮላ ስለሆነ አንዳንዱ ለእርሷም አይነበብም። በአንድ ቦታ ሦስት የተለያዩ ናቸው ብላ የመዘገበቻቸው ስሞች፣ አንድ የኦሮምኛ ቃል በሦስት ሰው አፍ የተነገሩ መሆናቸውን የኦሮምኛ ተማሪው ጓደኛዬ አሳያት። ደነገጠች፤ ቀጥሎም ሳቀች፤ «እናንተ የት ነበራችሁ?» አለች። እዚሁ ነበርን። የሴሚናር ወረቀት ስለ ዘይቤ እየጻፍን ነበር።

ጥናቷን እንደገና አቅርባዋለች፤ መልስ አልመጣም። መልስ መጣም አልመጣም፣ እኛ ሦስት የአማርኛ፣ ሁለት የኦሮምኛና አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ሆነን ደብተሩን በፊደል እየገለበጥን፣ ለድንገተኛ ክፍል ግድግዳ የሚሆን የጥያቄ ሰሌዳ በሁለቱ ቋንቋዎች እያዘጋጀን ነው። የመጀመሪያው መስመር «የምን መድኃኒት ነው?» የሚል ነው። ጉራጊኛ የሚችል ሰው አጥተናል። የሚችል ወይም ከገበያ ሻጭ ጋር የሚያስተዋውቀን ካለ፣ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይምጣ፤ ሻይ በየራሳችን ነው።